ቀይ ሻርፕ የታሰረበት በር

የዕረፍት ቀኔ ነበር። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ደረጃውን ልጀምር ስል ጋሼ ፊርማ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ከላይኛው ፎቅ ሲወርዱ ተገጣጠምን። እኚህ ሰው ሠላሳ አራት ዓመት መሥሪያ ቤት ሲመላለሱ አንድም ቀን የጠዋት ፊርማ አምልጧቸው ስለማያውቅ ጎረቤቱ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራቸዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላም ያለ ከረባት ደጅ ታይተው አያውቁም። ያን ዕለት ግን ከረባታቸው ትከሻቸው ላይ ተገልብጦ፣ አንድ ጫማቸው ወልቆ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሳያቸው ክው ብዬ ቀረሁ።

«ዶክተር፣ እባክዎ ይቺን ልጅ ይዩልኝ» አሉኝ።

ፋርማሲስት እንጂ ዶክተር አለመሆኔን መናገር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ያን ዕለት ግን እሳቸውን የማርምበት ጊዜ አልነበረም።

የአራት ዓመቷ ልጅ የግራ እጇ ጀርባ ተቃጥሎ ውኃ ቋጥሯል፤ በላዩ ላይ የጥርስ ሳሙና ተለቅልቆበታል። በሥራዬ ከዚህ የከፋ ብዙ ስላየሁ ቁስሉ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ ልጅቷ ድምፅ አለማሰማቷ ነው። እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ካፏ ግን ምንም አይወጣም። ከንፈሯን ነክሳ ይዛዋለች።

ወደ ቤቴ አስገባኋቸውና እጇን ከወጥ ቤቱ ቧንቧ ሥር አደረግሁት። የጥርስ ሳሙናም ሆነ ቅባት ቃጠሎን እንደሚያባብስ፣ የሚያስፈልገው ሃያ ደቂቃ ሙሉ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ እንደሆነ ለጋሼ ፊርማ አስረዳኋቸው። እሺ፣ እሺ ይላሉ እንጂ ልባቸው እኔ ዘንድ አልነበረም።

«አልቅሺ እንጂ የኔ ቆንጆ፤ እዚህ ማንም አይቆጣሽም» አልኳት።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ቀዩ ሻርፕ አለ» አለችኝ።

ግራ ቢገባኝ ነገሩን ያፍታቱልኝ አያትየው ናቸው። የሕፃኗ እናት የሆነችው ልጃቸው የአንድ መድን ድርጅት ደንበኞችን ስሞታ በስልክ ትቀበላለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ሳምንቱን የሚውለው መንገድ ላይ ነው። ከዓመት በፊት ከቤት እንድትሠራ ተፈቅዶላት መኝታ ቤቷን ቢሮ አድርጋዋለች። ጥሪው ሁሉ ይቀረጻል፤ ከጀርባዋ የቤት ድምፅ ከተሰማ ነጥብ ይቀነስባታል። ስለዚህ ለልጇ አንድ ሕግ አወጣችላት። የበሩ እጀታ ላይ ቀይ ሻርፕ ከታሰረ እናት ሥራ ላይ ናት፤ አይንኳኳም፣ አይጮኽም፣ አይለቀስም።

«ብርቱካን ላደርስላቸው በትርፍ ቁልፌ ከፍቼ ስገባ» አሉ ጋሼ ፊርማ፣ «ይቺ ልጅ እጇን ይዛ በሩ ፊት ለፊት ቆማለች። ማንቆርቆሪያው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ውኃው ወለሉ ላይ ፈሷል። ውስጡ የቀረውን ብነካው ለብ እንኳ አይልም። ያቃጠላት ውኃ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እዚያ ቆማ ነበር፣ ዶክተር። እናቷ ከበሩ ወዲያ ለደንበኛ ስትስቅ ይሰማኛል።»

ልጅቷን ወደ ራሴ አስጠግቼ እጇን ከውኃው ሥር እንደያዝኩ ቆየሁ።

ብዙም ሳይቆይ እናትየው ማዳመጫዋ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ በባዶ እግሯ ደረሰች። ከጥሪ ስትወጣ ቤቱን ባዶ፣ የውጪውን በር ወለል ብሎ አግኝታ፣ ደረጃው ላይ የወደቀውን የአባቷን ጫማ ተከትላ ነው። የልጇን እጅ ስታይ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። መቼ እንደሆነ ጠየቀች።

«ነግሬሽ ነበር» አሉ አባቷ። «ሥራ ማለት ጠዋት ወጥተው፣ ፈርመው፣ ማታ የሚመለሱበት ነገር ነው። ቤት ደግሞ ቤት ነው። ሁለቱን ደባልቀሽ ይቺን ልጅ እናት ያላትም የሌላትም አደረግሻት። ዛሬውኑ ወደኔ ቤት ይዣት እሄዳለሁ። አንቺም ቢሮሽ ተመለሺ፤ ቅዳሜና እሑድ እየመጣሽ ታያታለሽ።»

እውነቱን ለመናገር በልቤ ፈረድኩላቸው። ልጅቷ ግን ደህናውን እጇን ዘርግታ የእናቷን ቀሚስ ጨበጠች፤ አሁንም ድምፅ የላትም።

እናትየው ራሷን ለመከላከል አልቸኮለችም። ቢሮ ትገባ በነበረበት ጊዜ ልጇ ሳትነቃ ወጥታ፣ ልጇ ከተኛች በኋላ ትመለስ እንደነበር ነገረችን። ልጅቷ መራመድ የጀመረች ዕለት እንኳ የምሥራቹን የሰማችው ከሞግዚት ነው። ከቤት መሥራት ከጀመረች ወዲህ በየመንገዱ የሚባክነው ሁለት ሰዓት ለልጇ ሆኗል፤ ቁርስ አብረው ይበላሉ፣ ጸጉሯን ራሷ ታበጥርላታለች፣ ትኩሳት ሲጀምራት ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልክድም» አለች። «ለአለቃዬ በሥራ ሰዓት ልጅ እንደምጠብቅ አልነገርኩም። ለልጄ ደግሞ አጠገብሽ ነኝ አልኳት። ሁለቱንም ዋሸሁ። ግን ቢሮ መመለሱ አያድናትም፣ አባዬ። ክንዴ የተሰበረ ዕለት ትዝ ይልዎታል?»

«እንዴት አይለኝም። ሰባት ዓመትሽ ነበር። ከሥራ ስወጣ ከጎረቤታችን ጋር መሥሪያ ቤቱ በር ላይ አገኘኋችሁ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ወሰድኩሽ።»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ እዚያ የነበርን ይመስልዎታል?»

«እኔ እንጃ። ያኔ የደረሳችሁ መስሎኝ ነበር።»

«ከስምንት ሰዓት ጀምሮ። ሐኪም ቤቱ ያለ ወላጅ ፊርማ ጀሶ አናስርም ብሎ መለሰን። ጥበቃው ደግሞ በሥራ ሰዓት ሠራተኛ አይጠራም አለ። አሥራ አንድ ተኩል እስኪሆን አጥሩ ሥር ተቀመጥን። እኔም አላለቀስኩም፤ አባትሽ ሥራ ላይ ናቸው፣ ዝም በይ ተብዬ ነበር።»

የጋሼ ፊርማ ፊት አመድ መሰለ። ወንበር ፈልገው በእጃቸው ዳበሱና ተቀመጡ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ሳትነግሪኝ ቆየሽ?»

«ሥራ ላይ ነበሩ» አለች፣ ሳትቆጣ።

እኔም ፍርዴን ዋጥኩ። ለካ ከቤት መሥራትን እየከሰስን የቆየነው ያለ ጥፋቱ ነው። ቢሮውም በር አለው፣ መኝታ ቤቱም በር አለው፤ ልጅ ተጎድታ የማታንኳኳው በር የትም ቢሆን ያው ነው። የሚብሰው ግን የቤቱ ነው። ቢሮ የሄደ ወላጅ ልጁን ለሰው አደራ ብሎ ይሄዳል፤ ቤት ያለው ግን እኔው አለሁ ብሎ ማንንም አደራ አይልም። ይህን ስላቸው ጋሼ ፊርማ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ብዙ አሰቡ።

«እንግዲያስ እኔን አደራ በይኝ» አሉ በመጨረሻ። «ልጅቷን የትም አልወስዳትም። እኔ እመጣለሁ።»

እናትየው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ለአለቃዋ ደውላ እውነቱን ተናገረች። ከሥራ እባረራለሁ ብላ ፈርታ ነበር፤ አለቃዋ ቆጣ ካለች በኋላ ሥራዋን ጠዋት ለአራት ሰዓት፣ ማታ ልጅቷ ከአያቷ ወይም፣ ከመንገድ ከተመለሰ፣ ከአባቷ ጋር ስትሆን ለሦስት ሰዓት አድርጋ ከፋፈለችላት። ደሞዟ ትንሽ ጎደለ፣ የነጥብ ነገርም እስከ ዛሬ ያነታርካቸዋል። ማንቆርቆሪያው ከፍ ወዳለው መደርደሪያ ተሰደደ። ጋሼ ፊርማ ልክ በሁለት ሰዓት፣ ከረባታቸውን አስረው ደረጃውን ሲወጡ እሰማለሁ፤ በጡረታ ዘመናቸው ሥራ ያገኙት እሳቸው ናቸው እያልኩ እቀልድባቸዋለሁ። ለሕፃኗም አዲስ ሕግ ተነገራት፤ ሻርፑ ለጨዋታና ለጥያቄ እንጂ ለሕመም፣ ለፍርሃትና ለእንባ አይሠራም።

ሕግ መንገር ቀላል ነው። ልጅቷ ሰምታ ራሷን ነቀነቀች እንጂ በሩን አልነካችውም።

በሳምንቱ ፋሻዋን ልቀይር ወጣሁ። ሻርፑ እጀታው ላይ ታስሯል፤ እናትየው ውስጥ ስታወራ ይሰማል። ልጅቷ ከእጄ እንደተለቀቀች በሩ ፊት ሄዳ ቆመች። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በደህናው እጇ ሁለት ጊዜ አንኳኳች። ጋሼ ፊርማ እንደ ልማዳቸው ሊይዟት ቢነሡም እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

በሩ ተከፈተ። እናትየው ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አንሥታ «ምን ሆንሽ የኔ እናት?» አለቻት።

«ምንም። ይከፈት እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

ይህን ብላ ፊቷ ተጨማደደ። ከዚያ አፏን ከፍታ፣ ቤቱ እስኪናጋ፣ የሳምንቱን ለቅሶ አለቀሰችው። እናቷ እዚያው ተንበርክካ አቀፈቻት፤ አንገቷ ላይ ካለው ማዳመጫ «ሃሎ? ሃሎ?» የሚል የደንበኛ ድምፅ ይሰማል። ጋሼ ፊርማ ቀዩን ሻርፕ ከእጀታው ፈትተው የልጅቷን አፍንጫ ጠረጉበት።