ሦስቱ የጎርፍ ጥይቶች

የምስክሩ ስም፦ ሙቅቢል ሃይሰም ፋድል
ዕድሜ፦ 71
አድራሻ፦ የመን፣ አብየን፣ ሑስን አል-ዒልብ መንደር
ሥራ፦ ገበሬና የወንዙ ውሃ አለቃ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 3 ቀን 1994

የተጠየቅሁት ጎረቤቴ አወድ መህዲ በግንቦት ወር በመንደራችን በኩል ያልፍ በነበረው ጦር ላይ ተኩሷል ስለ መባሉ ነው። በጦሩ ላይ አልተኮሰም። ሦስት ጥይት ወደ ሰማይ ተኩሷል፤ እንዲተኩስ ያዘዝሁትም እኔ ነኝ። ይህ ከሁሉ በፊት እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፎልኛል።

ጦሩ ወደ ባሕሩ ለመውረድ በእኛ በኩል ማለፍ የጀመረው ረቡዕ ጠዋት ነው። መኪናው፣ መድፉና እግረኛው እስከ ሐሙስ ድረስ አልተቋረጠም። ማሽላችንን ረግጦ፣ የውሃ መመለሻ የአፈር ግድባችንን መንገድ አድርጎ አለፈ። ከአቧራውና ከጩኸቱ የተነሣ ከብቶቹ መኖ አልበላ አሉ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር። እኔም መቀመጥ አልቻልሁም።

ሐሙስ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ አንድ የእግረኛ ክፍል በደረቁ ወንዝ ውስጥ ሰፈረ። አሸዋው ለመተኛት ይመቻል፤ ዳርቻውም ጥላ አለው። ወርጄ አዛዣቸውን፣ አንድ ወጣት መቶ አለቃ፣ «ከዚህ ውጡ፤ ተራራው ላይ ዘንቧል» አልሁት።

«ሐጂ፣ እኔ የማየው ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ጎርፉ በደብዳቤ ነው የሚመጣው?» አለኝ። ወታደሮቹ ሳቁ።

«ሐጅ አላደረግሁም፤ ሐጂ አትበለኝ። ከላይ ሦስት ጥይት ከሰማህ ጫማህን ሳትፈልግ ወደ ዳር ውጣ» አልሁት። ይህን ስለው መሳቁን ተወና «እሺ አጎቴ» አለ።

እኛ ዘንድ ጎርፍ ሲመጣ ከላይ ያለው ጠባቂ ሦስት ጥይት ይተኩሳል። ታች ያለው ሰው ልጁንና ከብቱን ከወንዙ ያወጣል፤ አካፋውን ይዞ ወደ ግድቡ ይሮጣል። ከአያቶቻችን ጀምሮ የኖረ ነው። ያን ቀን ተራው የአወድ ነበር። ከመውጣቱ በፊት «አጎቴ፣ ይህ ሁሉ ጠመንጃ ባለበት አገር እኔ ልተኩስ? አበድህ እንዴ?» ብሎኛል። «ውሃው ጦር አለ ብሎ አይቆምም፤ ካየኸው ተኩስ» አልሁት። የሚጠብቅበት ቋጥኝ ከወንዙ መታጠፊያ በላይ ስለሆነ የወታደሮቹን ሰፈር ከዚያ ሆኖ ማየት አይቻልም። ፖሊስ ሄዶ ቆሞ ይየው።

ከዐስር፣ ከተሲያቱ ሶላት በፊት ያ ክፍል ተነሥቶ ሄደ። ቦታውን ከኋላ የመጣ ሌላ ክፍል ያዘው። ለእነዚህ የነገራቸው የለም። ይህን አይቼ ልነግራቸው ስወርድ መንገዱ ላይ የቆመ ወታደር ጠመንጃውን ደረቴ ላይ አደረገ። «ተመለስ ሽማግሌ! ስለ ማሽላህ ልታለቅስ ከሆነ ወረፋ ያዝ» አለኝ። ጎርፍ ሊመጣ እንደሚችል ነገርሁት። «እኛ ራሳችን ጎርፍ ነን» አለ። እየተከራከርን ሳለ ሦስቱ ጥይቶች ተሰሙ።

የመንደሬ ሰው ወደ ዳር ሮጠ። ወታደሮቹ ግን ተኩስ የሰማ ወታደር የሚያደርገውን አደረጉ፤ እዚያው ወንዙ ውስጥ ዳርቻውን ተከልለው ተኙና ጥይቱ ወደ ተሰማበት ወደ ላይኛው ወንዝ መተኮስ ጀመሩ። «ውጡ! ውሃ ነው!» ብዬ ጮኽሁ። ያ የከለከለኝ ወታደርም አብሮኝ ጮኸ። በተኩሱ መካከል የሰማን አልነበረም። ውሃው መታጠፊያውን ዞሮ ሲታይ ብዙዎቹ ተነሥተው ሮጡ። ዘጠኙ አልወጡም። አስከሬናቸውን ከጭቃውና ከእሾሁ ያወጣነው እኛ ነን፤ ሁለቱን አወድ በጀርባው ተሸክሟቸዋል። የታሰረውም እዚያው፣ ጭቃው ሳይደርቅበት ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቀው ሄጄ ነበር። «አጎቴ፣ በስህተት ነው የተኮሰው በልና ፈርምላቸው። ሚስቴ መውለጃዋ ደርሷል» አለኝ። መርማሪውም እንዲህ ብል ጉዳዩ እንደሚቀል ነግሮኛል። አልልም። ስህተት ነው ተብሎ ከተጻፈ ከእንግዲህ በዚያ ቋጥኝ ላይ ቆሞ የሚተኩስ ሰው አይገኝም። ይህን ለአወድ ስነግረው «አንተ እኮ ማታ ቤትህ ነው የምታድረው» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ልክ ነው።

ስለዚህ ለዚህ ጥፋት መታሰር ያለበት ሰው አለ ከተባለ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ብርድ ልብሴንና የማሽላ ቂጣ ይዤ የመጣሁት ለዚህ ነው። አወድ ይውጣ፤ እኔ ልግባ።

ይህን ቃል ሌላ ሰው ሳያነብልኝ ራሴ አንብቤዋለሁ። «ተኩስ ከፈተ» ተብሎ የተጻፈውን አሰርዣለሁ። የቀረው ሁሉ እኔ ያልሁት ነው፤ እውነት ነው።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሙቅቢል ሃይሰም

ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል አሥር አለቃ ጀሚል ዑበይድ (ፊርማ)

ማስታወሻ፦ ምስክሩ ከፈረሙ በኋላ እንዲሄዱ ሁለት ጊዜ ተነግሯቸዋል። አልሄዱም። ይህ በሚጻፍበት ጊዜ በእስር ክፍሉ በር ላይ ብርድ ልብሳቸውን አንጥፈው ተቀምጠዋል። እስረኛው ከውስጥ ሆኖ ወደ ቤታቸው እንዲገቡ እየለመናቸው ነው።