ያልተቆረጠው ንግግር

የምስክርነቱ ቃል የተጻፈበት ቦታ፦ በአራዳ ሠፈር የዘበኛ ጣቢያ
ቃሉን የተቀበለው፦ የምርመራ ጸሐፊ ባሻ አባይነህ
የምስክሯ ስም፦ ወይዘሮ አልጋነሽ ወርቅአፈራሁ
ዕድሜ፦ ፶፯ ዓመት
ሥራ፦ ቀድሞ ሞግዚት፣ አሁን የፈረንሳይኛ አስተርጓሚ
መኖሪያ፦ ውቤ በረሃ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ
ቀን፦ ሐምሌ ፲፯ ቀን ፲፱፻፳፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለእምሩ አታክልቲ መታሰር ተጠያቂ የምለው የአራዳ መድኃኒት አሰባሳቢ ማኅበር የእንግሊዝኛ ጸሐፊ የሆነውን አቶ ዓምደሚካኤል የሻነውን ነው። ባሻ አባይነህ፣ አስቀድመው የሆነውን ይናገሩ፣ ተጠያቂውን ዳኛ ይለየዋል ብለውኛል። የሰውየው ስም ከሁሉ በፊት ካልተጻፈ ቃሌን አልሰጥም በማለቴ በዚህ ቦታ ተጽፏል።

ባለቤቴ አቶ አታክልቲ ሲሞቱ እምሩ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር። በአራዳ ሱቅ በነበረው በአንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ቤት ሞግዚት ሆኜ ገባሁ፤ የነጋዴው ልጆች አማርኛ ሳይለምዱ እኔ ፈረንሳይኛ ለመድሁ። ፊደል የቆጠርሁት ግን በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ትተውልኝ የነበረውን ቦታ ያጣሁት፣ የኪራይ ውል ነው ብለው ያነበቡልኝ ወረቀት ላይ በጣቴ ፈርሜ ነው። ከዚያ በኋላ እምሩ ከትምህርት ቤት እየተመለሰ ሀ ሁ አስቆጠረኝ፤ ቀጥሎም የፈረንጁን ፊደል አሳየኝ። አማርኛና ፈረንሳይኛ ቀስ ብዬ አነባለሁ። እንግሊዝኛ አላነብም፣ ሲናገሩትም አልሰማም።

ማኅበሩ በሐምሌ ሰባት ቀን፣ በሥላሴ ዕለት፣ በአዳራሹ ጉባኤ አዘጋጅቶ ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ፊታውራሪ ካሣሁን የሚያደርጉት ንግግር በራዲዮ ወደ ውጭ አገር እንዲተላለፍ፣ በደጅ ለቆመውም ሕዝብ በአዳራሹ በር ላይ በተሰቀለ የድምፅ ማጉያ መለከት እንዲሰማ ታስቦ ነበር። በማኅበሩ ዕቃ ቤት የሚሠራው ልጄ እምሩ ተናጋሪውን ለሕዝብ የሚያስተዋውቅ፣ ለመሣሪያው ሠራተኛም በክንዱ ምልክት የሚሰጥ ሆኖ ተመረጠ። የመሣሪያው አዋቂ ሙሴ ሌኖርማን የሚባል ፈረንሳዊ ነበር፤ የጉባኤውን ሥርዓትና የመሣሪያውን አሠራር ሁሉ ካርቶን በሚባሉ ጠንካራ የወረቀት ቁራጮች ላይ በፈረንሳይኛ ጽፎ ካዘጋጀ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻ በወባ ታሞ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ። በእርሱ ቦታ የመጣው ሚስተር ሃርሎ እንግሊዝ ነው፤ ፈረንሳይኛ የሚባል አያውቅም። ስለዚህ ካርቶኖቹ ወደ እንግሊዝኛ እንዲገለበጡ ታዘዘ። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው በማኅበሩ ውስጥ አልተገኘም። እምሩም እናቴ አለች ብሎ ሥራውን አገኘልኝ። እኔ ከፈረንሳይኛው ወደ አማርኛ በአፌ እንድናገር፣ አቶ ዓምደሚካኤል ከአፌ ተቀብሎ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ሆነ።

የሠራነው ከአርመኑ ወርቅ ሠሪ ሱቅ በላይ ባለው የማኅበሩ ቢሮ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሥራው መልካም ነበር። «ሬፔቲስዮን» የሚለውን ከቀኑ በፊት የሚደረግ ሙከራ ነው አልሁት፤ ጻፈ። «ኤሚስዮን» የሚለውን ድምፅን በመሣሪያ ወደ ሩቅ መስደድ ነው አልሁት፤ ጻፈ። «አንትራክት» ላይ ስንደርስ፣ በጉባኤ መካከል ሰው ወጥቶ የሚያርፍበት ጊዜ ነው ብዬ ስነግረው፣ «ምን ይበላበታል?» አለኝ። ምንም አይበላም፣ ሰው ቆሞ ያወራል አልሁት። «እትዬ አልጋነሽ፣ ሰው ጠርቶ ጦሙን ማቆም እንኳን በእንግሊዝኛ በአማርኛም አይጻፍ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይህን የምናገረው በመካከላችን የቆየ ጠብ እንዳልነበረ እንዲታወቅ ነው።

በሁለተኛው ቀን «ኩፔ»፣ ቁረጥ ማለት ነው፣ የሚለው ካርቶን ላይ ደረስን። ሙሴ ሌኖርማን የጻፈው አጭር ነበር፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። አስተዋዋቂው ክንዱን ባነሣ ጊዜ፣ ማንም ይናገር ማን፣ ቃሉ ባያልቅም እንኳ፣ መስመሩን ወዲያው ቁረጥ ይላል። ይህንኑ ነገርሁት። አቶ ዓምደሚካኤል ብዕሩን አስቀመጠ።

«ማንም ይናገር ማን?» አለኝ።

«ማንም» አልሁት።

«የሚናገሩት እኮ ፊታውራሪ ናቸው።»

«መሣሪያው ፊታውራሪ አያውቅም። የነገርሁህን ጻፍ።»

«እትዬ፣ እርስዎ ፈረንጅ ቤት ስለኖሩ አይከብድዎትም። ትልቅ ሰው ከአፉ ቃል አይነጠቅም። ነገ ይህን ወረቀት ያየ ሰው፣ ፊታውራሪን ቁረጥ ብሎ የጻፈው የማን ልጅ ነው ሲል እኔን እንጂ እርስዎን አይጠራም።»

የነገርሁህን ጻፍ ብዬ ደገምሁለት። እሺ፣ እንዳሉኝ እጽፋለሁ አለ። ሲጽፍ እጁን አየሁት፤ እኔ የተናገርሁት አንድ መስመር የማይሞላ ሲሆን እርሱ ግን ካርቶኑን ግማሽ ድረስ ሞላው። ለምን ረዘመ ብዬ ጠየቅሁት። «እንግሊዝኛ ረጅም ነው» አለኝ። አመንሁት።

ሐምሌ አራት ቀን ከቀትር በኋላ ሙከራው ተደረገ። ፊታውራሪ ካሣሁን አልመጡም፤ ትልቅ ሰው ለሙከራ ና አይባልም። በእርሳቸው ፈንታ የማኅበሩ ዘበኛ ድምፅ መቀበያው ፊት ቆሞ አንድ ሁለት እያለ ቆጠረ። እምሩ ክንዱን አነሣ፤ ሚስተር ሃርሎም ያን ጊዜውኑ መስመሩን ዘጋ። ለዘበኛው ክብር የሚጠብቅለት ስላልነበረ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። እምሩ ግን ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ የሚሆን መስሎት እየተደሰተ ወደ ቤት ገባ። በእራት ላይ፣ «እማዬ፣ ክንዴን ሳነሣ እኮ ዓለም ዝም ይላል» አለኝ።

ሐምሌ ሰባት ቀን ዝናብ ነበር። ከሥላሴ ንግሥ የተመለሰው ሕዝብ ነጠላውን በራሱ ላይ ጣል አድርጎ የአዳራሹን ደጅ ሞልቶታል። እኔ በበሩ ክፈፍ ሥር፣ ከመለከቱ አጠገብ ቆምሁ። ከጎኔ በአራዳ ጨርቅ የምትሸጠው ወይዘሮ ሰዓዳ ነበረች፤ ልጅዋ ወደ ድንበር ከተላከው ጦር ጋር ሄዷል። በሩ ክፍት ስለነበረ መድረኩ ይታየኛል። ከፊታውራሪ ኋላ፣ መድኃኒት የሚል በቀይ ቀለም የተጻፈባቸው ሳጥኖች እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድረዋል። በፊት ወንበር የውጭ አገር ጋዜጣ ጸሐፊዎች ከነአስተርጓሚዎቻቸው ተቀምጠዋል። ንግግሩ የተጀመረው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ፊታውራሪ ለሚቆስለው ወታደር ሁሉ የሚበቃ መድኃኒት መሰብሰቡን፣ ወዳጅ አገሮችም እንዲጨምሩበት ተናገሩና፣ «ይኸው በዓይናችሁ የምታዩት ነው» ብለው ወደ ሳጥኖቹ አመለከቱ። ወይዘሮ ሰዓዳ አለቀሰች። ሕዝቡ እልል አለ።

ንግግሩ እንዳለቀ እምሩ ክንዱን አነሣ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ክንዱን እንዳነሣ ትንሽ ቆይቶ አወረደ፤ መስመሩ ተቆርጧል ብሎ ነው። ፊታውራሪ ግን ወደ ወንበራቸው አልሄዱም፤ ባሉበት ቆመው ፊታቸውን ወደ እምሩ መለሱ። እልልታው ጸጥ እንዳለ ከመለከቱ ውስጥ የፊታውራሪ ድምፅ መጣ።

«እነዚህ ፈረንጆች ሳጥኑን ከፍተን እንይ ይላሉ አሉ። ምን ይሻላል?»

ቀጥሎ የልጄ ድምፅ መጣ።

«ጌታዬ፣ እባክዎ እንዳያስከፍቱ። መድኃኒት ያላቸው የፊተኞቹ ሦስቱ ናቸው፤ ሌላው ጭድ ነው።»

ከራሴ በላይ ካለው መለከት ሲወጣ፣ ድምፁ ከእርሱ ከራሱ ይልቅ ትልቅ ነበር። ወይዘሮ ሰዓዳ፣ «ምን አለ? ጭድ አለ?» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «በሉ እንግዲህ፣ ቁስላችሁን በጭድ እሰሩ» አለ፤ ጥቂት ሰዎች ሳቁና ወዲያው ተዉት። በፊት ወንበር የነበሩት አስተርጓሚዎች ወደ ጌቶቻቸው ጆሮ ሲያጎነብሱ አየሁ። እምሩ ወደ መለከቱ አቅጣጫ ቀና ብሎ፣ የራሱን ቃል እንደ ሌላ ሰው ቃል ሲያዳምጥ አየሁት። ከዚያ በኋላ ፊታውራሪ ሄደው ተቀመጡ፤ እርሳቸው ሲቀመጡ ሚስተር ሃርሎ መስመሩን ዘጋ።

ልጄ በዚያው ዕለት ማታ ተያዘ። በማግሥቱ ሳጥኖቹ በሽማግሌዎች ፊት ሲከፈቱ ሁሉም መድኃኒት ተሞልተው ተገኙ። ማን እንደሞላቸው አላየሁም፤ ያላየሁትን አልመሰክርም። ስለዚህ እምሩ ጠላት ድንበር ላይ በቆመበት ጊዜ በፈረንጅ ጆሮ አገሩን ያዋረደ ሐሰተኛ ተባለ። ፊታውራሪ ምንም አልጠየቅሁትም አሉ። የልጄን ድምፅ ደጅ የቆመው ሁሉ ሰምቷል፤ የፊታውራሪን ጥያቄ ግን የሰማ አንድ ሰው ጠፋ። ወይዘሮ ሰዓዳን ሱቋ ድረስ ሄጄ ለመንኋት። «እቴ አልጋነሽ፣ ልጄ በእነርሱ እጅ ነው። የሰማሁት የልጅሽን ብቻ ነው፤ ተይኝ» አለችኝ። ተውኋት።

ሐምሌ ዘጠኝ ቀን ጠዋት ወደ ማኅበሩ ቢሮ ወጥቼ፣ በካርቶኑ ላይ የጻፍኸውን በአማርኛ ንገረኝ አልሁት። አቶ ዓምደሚካኤል ሳያፍር ነገረኝ። አስተዋዋቂው ክንዱን ባነሣ ጊዜ ይዘጋጁ፤ የተከበሩት ተናጋሪ ቃላቸውን ፈጽመው፣ ሕዝቡም አክብሯቸው፣ በወንበራቸው ከተቀመጡ በኋላ፣ ፈቃድዎ ቢሆን መስመሩን ይዝጉ የሚል ነው። ሚስተር ሃርሎም የታዘዘውን ፈጸመ። ልጄን ገደልኸው አልሁት። «እትዬ፣ ምን አጠፋሁ? ለአባቴ የማልለውን ለፊታውራሪ ልበል?» አለኝ። በዚያ የነበሩ ሁለት የማኅበሩ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁለት። በማግሥቱ በዚህ ጣቢያ ቃሉን ሲጠየቅ ግን፣ የጻፍሁት ወይዘሮ አልጋነሽ በአፋቸው እንደነገሩኝ ነው፣ አንድ ቃል አልጨመርሁም ብሎ ፈረመ። ፈረንሳይኛው ካርቶን ይምጣ ብል፣ ከተገለበጠ በኋላ ምን ያደርጋል ተብሎ ተጥሏል ተባልሁ።

ፊታውራሪ ካሣሁንን ትቼ ጸሐፊውን ለምን እንደምከስ ባሻ አባይነህ ጠይቀውኛል። ፊታውራሪ ዋሹ፤ የዋሹት ግን በራሳቸው አፍ ነው። አቶ ዓምደሚካኤል የዋሸው በእኔ አፍ ነው።

ትናንት ለእምሩ ምግብ ይዤ ሄጄ ነበር። ስለ ካርቶኑ የደረስሁበትን ሁሉ ነገርሁት፤ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ሰማኝና፣ «እማዬ፣ ዓምደሚካኤልን ተይው። እኔም ብሆን በፊታውራሪ ላይ ቁረጥ ብዬ አልጽፍም ነበር» አለኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ እርሱ ነው። ምግቡን አስቀምጬ ወጣሁ። ወደ ቆላ አገር በግዞት ይላካል የሚል ወሬ እሰማለሁ። ወባ ያለበት አገር ነው፤ ሙሴ ሌኖርማን ታሞ የሚሄድበት ባቡር ነበረው።

ይህ ቃሌ ልጄን እንደማያስፈታው አውቃለሁ። የሰጠሁት ተጽፎ እንዲገኝ ብቻ ነው። ባሻ አባይነህ ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ላንብብልዎ ሲሉኝ እምቢ ብዬ ወረቀቱን ተቀብዬ ራሴ አንብቤዋለሁ። ፊታውራሪ ዋሹ ባልሁበት ቦታ ፊታውራሪ ዘነጉ ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። ባሻን ብጠይቃቸው፣ «እትዬ፣ ትልቅ ሰው ዋሹ ተብሎ አይጻፍም ብዬ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም» አሉኝ። ለክፋት እንዳልሆነ አምናለሁ። ዘነጉ የሚለው በፊቴ ተሰርዞ ዋሹ ተብሏል፤ በስርዙ አጠገብ ፈርሜበታለሁ።

ከላይ ያለው ያየሁትና የሰማሁት እንጂ የተጨመረበት የለም፤ ከዚህ ውስጥ ሐሰት ቢገኝብኝ በሕግ ልቀጣበት ፈቅጃለሁ። የማላነበውን ለሚጽፍ ሰው ከእንግዲህ ወዲህ ቃል አላቀብልም። ፈረንሳይኛም አላስተረጉምም፤ አንድ ፈረንጅ ደጄ ቆሞ ውሃ ቢለምነኝ እንኳ፣ ውሃውን እሰጠዋለሁ እንጂ ምን እንዳለ ለሰው አልናገርም።

የምስክሯ ፊርማ፦ አልጋነሽ ወርቅአፈራሁ (በገዛ እጇ የጻፈችው)
የምርመራ ጸሐፊው ፊርማ፦ ባሻ አባይነህ