የነደልነው ምንጭ

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የምናውቀው የምንጭን አፍ ነው እንጂ ሆዱን ማን አይቶት! ውሃ ይመጣል፣ እንቀዳለን፣ በቃ። ታዲያ አንድ በጋ፣ ይቺ ከሙጃ ከተማ በላይ ያለችው ምንጫችን ቀጠነችብን፤ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ሴቱ ተሰልፎ ይውላል፣ ከብቱም ቆሞ ያያል። እና የባሌ ወንድም አያ ደምሴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደቦ ጠርቶ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«አባቶቻችን አለት ጠርበው ቤተ ክርስቲያን ሲያወጡ፣ እኛ ከአለት ውሃ ማውጣት ያቅተን? የላስታ ሰው አይደለንም እንዴ!»

እልል ተባለ፣ እኔም እልል አልኩ። ታዲያ ዶማውም ድጅኖውም ወረደ፣ የምንጩን ወለል ቆፈሩት፣ ቆፈሩት፣ ጠንካራ የሸክላ አፈር አገኙ። «ይቺን ብቻ እንለፋት!» ይላል አያ ደምሴ። አለፏት። እና ውሃው ጉርርር አለና... እልም! ያቺው ቀጭኗም ሄደች። ወንዙ ያለው ገደል ታች ነው፣ የት እንግባ? ጎረቤቴማ አገር ልትለቅ ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች።

ታዲያ ከወረዳ አንዲት የውሃ ባለሙያ መጣች። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ያን ሸክላ በጣቷ ዳበሰችና፣ «ወይኔ! የገንቦውን ቂጥ ነደላችሁት!» አለች።

«የምን ገንቦ?» ይላታል አያ ደምሴ፣ ተቆጥቶ።

«ተራራው ነዋ፣ አባቴ! ዝናቡ በስንጥቁ ይሰርጋል፤ አለቱ ውስጡ እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ በዚያ እየሾለከ ይወርዳል። እዚህ ሸክላ ላይ ሲደርስ መውረጃ ያጣና ይጠራቀማል፣ ከዚያ በጎን ይወጣል። ምንጭ ማለት እሱ ነው።»

«እና መንገዱ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?» አልኳት።

«ቀስ ብሎ ነው የሚጓዘው፣ እማማ። የሚጠጡት ውሃ እርስዎ ሙሽራ ሳሉ የዘነበ ሊሆን ይችላል።»

ያኔ እናቴ በሕይወት ነበረች እኮ! እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ የሸሸችው ዝናብ፣ እሷ አፈር ገብታ እሱ ከእግሬ ስር እየሄደ ኖሯል! አለቀስኩ፣ ልጆቼ።

እና እሷ እንዳለችን ውሃ የማያሳልፍ ዋልካ አፈር አምጥተን አቦካን፣ በእግር ረገጥን፣ ቀዳዳውን ደረብ ደረብ አድርገን ጠቀጠቅነው። አያ ደምሴ ከሁሉ አብልጦ ረገጠ። ከዚያማ መጠበቅ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ዙሪያውን ተቀመጠ። ወለሉ ወዛ፣ ረጠበ፣ ቆይቶ ደግሞ ውሃው ዝም ብሎ መጣ፣ ማንም ሳይጠራው! አያ ደምሴ ቆቡን አወለቀ።

«እኛ ጠራቢ ነን ብለን...» አለ፤ «ለካስ ተራራውን ከውስጥ የጠረበው ሌላ ነው።»

ባለሙያዋም ስትሄድ፣ «ውሃው እንዲበረክት ከላይ እርከን ሥሩ፣ ዝናቡን አታስሩጡት፣ ይስረግ» አለችን። ይኸው በየዓመቱ እንሠራለን። አቤት ልጄ፣ ምን ልትጠይቀኝ ነው?

— እማማ፣ እና አሁን እርከኑ ውስጥ የሚገባውን ዝናብ መቼ ሊጠጡት ነው?

— ሃ ሃ ሃ! እኔማ የት አገኘዋለሁ! እናንተም እንጃላችሁ። የልጆቻችሁ ነው፤ ተነስቷል፣ እየመጣ ነው።