የሚስተር ፕሩት ደም ማቅጠኛና የቴሌቪዥኑ ምክር

ሚስተር ፕሩት የፖስታ ሣጥናቸውን ሲከፍቱ፣ ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ወጣት ፋርማሲስት ማርሊስ ከሥራ ስትመለስ በሕንፃው በር ላይ ተገጣጠሙ። ሰውየው በአሜሪካ፣ በቶሊዶ ከተማ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ማርሊስ እንደ ልማዷ አንገቷን ሰበር አድርጋ ልታልፍ ነበር።

«ነይማ መድኃኒተኛዋ! ያንን ደም ማቅጠኛችሁን ከተውኩት ዛሬ አራተኛ ቀኔ። ይኸው፣ እንደ ፈረስ ነኝ!»

ማርሊስ ደነገጠች። የልባቸው ምት የተዛባ መሆኑን ታውቃለች፤ እንዲህ ባለ ልብ ውስጥ ደም ይረጋል፣ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ሰውን ሽባ ያደርጋል።

«ምነው ተዉት?»

«ቴሌቪዥኑ አጋለጣችኋ! ‹ይህን መድኃኒት ወስዳችሁ ደም የፈሰሳችሁ ደውሉልን፣ እንከስላችኋለን› የሚል ጠበቃ አየሁ። ሐኪሜ ዝም ሲል ጠበቃ አዘነልኝ።»

«መጀመሪያስ ማን ነገረዎት ስለ መድኃኒቱ?»

«እሱም ቴሌቪዥኑ። በመድኃኒቱ ማስታወቂያ አንድ ሽማግሌ ጀልባ ሲቀዝፍ አይቼ ሐኪሜን ለምኜ አሳዘዝኩ።»

«ጀልባ አለዎት እንዴ?»

«ምን ጀልባ! ዋና እንኳ አልችልም።» ሁለቱም ሳቁ።

«ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ ማስጠንቀቂያውን በፍጥነት የሚያነበውስ ሰው ምን አለ?»

«እሱ ሲጀምርማ ድምፁን አጠፋዋለሁ። እንደ ሐራጅ ሻጭ ይንጣጣል!»

«‹ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ፣ ለስትሮክ ያጋልጣል› የሚለው እሱ ነበር፣ ሚስተር ፕሩት።»

ሽማግሌው ግን እጅ አልሰጡም። «ታዲያ ደም መፍሰሱ ውሸት ነው?»

«እውነት ነው። ጠበቃውም አልዋሸ፣ ኩባንያውም አልዋሸ። ግን አንዱ መድኃኒት ሊሸጥ፣ ሌላው ክስ ሊያገኝ ከፍሎ ነው ሳሎንዎ የገባው። የእርስዎን ልብና ኩላሊት ሁለቱም አያውቁትም።»

«አንቺስ ሻጭ አይደለሽ? የተማረ ይግደለኝ ልበል?»

ማርሊስ ፊቷ ቀላ። «ከእኔ ምንም አይግዙ። የሐኪምዎ ክሊኒክ ሳይዘጋ ብቻ ይደውሉ። እኔም አጠገብዎ እቆማለሁ።»

ክርክሩን የረታው ይህ ነበር። ሰው በዕውቀት ብቻ አይረታም፤ ከጎኑ የሚቆም ሲያገኝ ይለዝባል። ሚስተር ፕሩት እያጉረመረሙ ቤታቸው አስገብተዋት ደወሉ። ስልኩን ያነሣችው ነርስ ሐኪሙን ጠይቃ ተመለሰች፦ አሁኑኑ አንድ ፍሬ እንዲውጡ፣ ያለፈውን ለማካካስ እንዳይደርቡ፣ ነገ ጠዋት እንዲመጡ። ቀጥላም ሌላ የሚወስዱት እንዳለ ጠየቀቻቸው።

«ለጉልበቴ አስፕሪን። ያለ ማዘዣ ገዝቼ፣ በየቀኑ።»

ለካስ የፈሩት ደም መፍሰስ ሊመጣ የሚችለው በዚያ በኩል ኖሯል! አስፕሪኑ ከደም ማቅጠኛው ጋር ሲደመር አደጋውን እንደሚያባብሰው ነግራ፣ ሐኪሙ እስኪያያቸው እንዳይነኩት አስጠነቀቀቻቸው። የትኛውም ማስታወቂያ ያንን ጥያቄ አልጠየቃቸውም ነበር። ማስታወቂያ አይቶ ጥያቄ ማንሣት ደግ ነው፤ መልሱን ግን በሽተኛውን ከሚያውቅ ሰው የተቀበለ፣ ከሁለት ጉዳት በአንድ ስልክ ይድናል።

ሚስተር ፕሩት ክኒኑን ከዋጡ በኋላ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣» አሉ ድምፃቸው ዝግ ብሎ፣ «እዚህ ቤት ብወድቅ የሚሰማኝ የለም እያልኩ ነበር የምተኛው። ከራሴ በላይ፣ ፎቁ ላይ አንድ ሰው እንዳለኝ አላወቅሁም። እግዜር ይስጥልኝ።»

ማርሊስ ስልክ ቁጥሯን በወረቀት ጽፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላቸው።