የቡሬ ጀርባ

«እንዴት አደርክ ጃለታዬ? ውርጩ በረታባችሁ እንዴ? እኔማ ቦሌ ሙቀት ነው ብዬ ሹራቤን ጥዬው ልወጣ ነበር፤ ሃይደር ነው በግድ ያስያዘኝ። አባባስ እንዴት አደሩ? ያ ሳል ለቀቃቸው? አልሐምዱሊላህ። መንገዱ እንኳ ዛሬ ጭር ብሏል፤ ከመድኃኔዓለም ተነስተን አያት መቼ እንደደረስን አላወቅነውም። እሁድ ጠዋት ሰው ሁሉ ተኝቶ… የሚተኛ ሰው እንዴት ደስ ይላል። ቢያንስ ማንንም አይጎዳም።»

ጃለታ የቡሬን የፊት እግር ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ሰኮናዋን እያጸዳ ነበር። ቀና አላለም። ፈዲላ ፈረስ ከሚያከራያቸው የመጀመሪያ ደንበኞቹ አንዷ ስለሆነች ጠባይዋን ያውቀዋል። ቦሌ መጋረጃ ትሸጣለች፤ ሐኪም ተንቀሳቀሺ ቢላት ጂም ጠልታ ፈረስ ወደደች። እሁድ እሁድ መጥታ ቡሬን ትጋልባለች፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ዞራ ትመለሳለች። ስትናደድ ድምጿ እንደሚጣፍጥም ያውቃል። ዛሬ ድምጿ ማር ሆኖበታል፤ ስለዚህ ፈርቷል።

ከጀርባዋ፣ ፀሐይ የደረሰበት ቦታ ላይ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም የፕላስቲክ ወንበር ሞልቶ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ባሏ ሃይደር መኪናውን ተደግፎ፣ ወገቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። በእነሱ ቤት ሴት ልጅ የባሏን ታላቅ ፊት ለፊት አትናገርም፤ ነውር ነው። ለጃለታ እንዳታወራ ግን ማን ይከለክላታል? የሰውየውን ስም ጠዋቱን ሙሉ አንዴም አልጠራችም። እኛም ለእሷ ስንል እንተወዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃለታ ፈረሶቹን የሚያግጥበት ሜዳ ባለፈው ክረምት ለግንባታ ታጠረ። ለሁሉም መኖ ገዝቶ መቀለብ ስላልቻለ ቡሬ፣ ያቺ ቡናማና ነጭ የተዥጎረጎረች ትንሽ ባዝራ፣ መሸጥ ነበረባት። ፈዲላ ይህን ስትሰማ እራት ላይ «እኔ እገዛታለሁ፣ ቀለቧን ችዬ እዚያው ጃለታ ግቢ አስቀምጣታለሁ» አለች። ሃይደር ደግ ሰው ነው፤ አንድ ጥፋቱ ታላቅ ወንድሙን ሳያማክር ጫማ እንኳ አለመግዛቱ ነው። አማከረ። ሐሙስ ጠዋት ታላቅየው ብቻውን አያት ተገኘ፣ «ከነፈዲላ ቤት ነኝ» አለ፣ ጃለታም ለእሷ የሚገዛ መስሎት እጅ ተማታ። አባቱ መገርሳም ሣር ይዘው መረቁ። በነጃለታ ዘንድ ሻጭ እጅ ከተማታና አባት ከመረቀ በኋላ ቃሉን አያጥፍም፤ ገዢ ግን የከብቱን ገመድ እስኪቀበል ድረስ መተው ይችላል። ገመዱ የሚሰጠው ዛሬ ነው። ስለዚህ ቡሬን ሊያስቀራት የሚችለው ሊወስዳት የመጣው ሰውዬ ብቻ ነበር።

«እኔ የምልህ ጃለታዬ… ምክር የሚባለው ነገር እንዴት ያለ ጸጋ ነው? አንዳንዱን ሰው ስታማክረው ‹እስቲ ላስብበት› ይልና ወር ያቆይሃል። አንድ የማከብራቸው ሰው አሉ… ማን እንደሆኑ ምን ያደርግልሃል፣ አታውቃቸውም… እሳቸው እንዲህ አይደሉም። ማታ ‹ሚስቴ ፈረስ ልትገዛ አስባለች፣ ምን ይመስልሃል?› ተባሉ። በነጋታው ጨረሱት። ሴትየዋ እንዳትደክም ብለው ራሳቸው ገዙላት… ለራሳቸው። በዚህ ዘመን እንዲህ የሚያስብ ዘመድ ያለው ማን አለ? ወላሂ እኔ ብሆን ምክር ስጠየቅ አፌን ነው የምከፍተው፤ እሳቸው እኮ እጃቸውን ነው የዘረጉት።»

ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ጃለታ የጨረሰውን ሰኮና እንደገና ማጽዳት ጀመረ።

«ፈረስ መምረጥ ደግሞ ለእኔ ቢጤ መጋረጃ ሻጭ ከባድ ነው። የሰው መስኮት ደጋግሜ ሳልለካ ጨርቅ የማልቆርጥ ፈሪ ነኝ። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ምን እንዳደረግከኝ ትዝ ይልሃል? ሰላም እንኳ ሳንባባል ያንን የገብስ ሚዛን አወጣህና ውጪበት አልከኝ። ሰው ፊት! አፍሬ ልሞት። ኋላ ነው የገባኝ… ጥያቄው ስለ እኔ አልነበረም፣ ስለ ፈረሷ ነበር። ‹ላንቺ ቁመቷ አጠር፣ ጀርባዋ ሰፋ፣ ልቧ ረጋ ያለች ናት የምትሻልሽ› ብለህ ቡሬን አመጣህልኝ። ድንጋይ ላይ ስትወጣ አይታ ነው እግሯን የምታስቀምጠው። እኔ ዘንበል ያልኩ እንደሆነ ቆም ብላ ትጠብቀኛለች። እንዲህ የሚጠብቀኝ ሰው እንኳ የለኝም እኮ።

«እሳቸው ግን እንዲህ አይቸገሩም። ሐሙስ ለት የሆነውን የነገረኝ ሰው በሳቅ… በአድናቆት ማለቴ ነው፣ በአድናቆት ሊፈነዳ ነበር። ሌላው ገዢ ምን ያደርጋል? ሰኮና ያነሳል፣ ጥርስ ያያል፣ የሚያማት ቦታ ይኖር እንደሆን ጀርባዋን በመዳፉ ጫን ጫን ያደርጋል። እሳቸው ዞሯት። የኋላ እግሯን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉ፤ የጎማዋን ንፋስ ሊያዩ ይሆናል። ‹ይቺ በጥቁር የለችም ወይ?› ብለው ጠየቁ ተባለ። …ምን ያስቅሃል? ቀለም የሚመርጥ ሰው እኮ ዓይን ያለው ነው። ከዚያ አጠገቧ ቆመው ፎቶ ተነሱ። ፎቶው ላይ እሷን ፈልገው አጧት። ሆዳቸው ጋርዷት ነበር… ይሄ እንኳ ሐሜት ሳይሆን አይቀርም፣ አስተግፊሩላህ። ከሌላ ጎን ደገሙት።»

ይህን ሁሉ ዓርብ ዕለት በስልክ የነገራት ጃለታ ራሱ ነው። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ከቡሬ ሆድ ሥር ገብቶ ቢቀር በወደደ። ሰውየው ስልኩን መነካካት ትቶ ነበር። ለእሱ የተነገረው ነገር ስለሌለ የሚመልሰውም አልነበረውም፤ «እኔን ነው ወይ?» ቢል በራሱ ላይ መሰከረ ማለት ነው። ፈዲላ ይህን አሳምራ ታውቃለች፣ ለዚያም ነው ያልተቻኮለችው።

«ጀግንነታቸውን ደግሞ አልነገርኩህም። ሌላ ቦታ አንድ ረጅም ፈረስ ነበራቸው፣ ለግርማቸው የሚመጥን ተብሎ የተፈለገ። አንድ ቀን ከእሱ ላይ ወረዱ። ሰው ‹ወደቁ› ይላል፤ ሰው ምን የማይለው አለ? ሰው የሚወድቀው እኮ ፈረሱ ሲሮጥ ነው። ያ ፈረስ ቆሞ ሣር ይግጥ ነበር። ስለዚህ ወረዱ ነው የሚባለው… ትንሽ ፈጠን ብለው። ከዚያ ወዲህ ለመሬት ቀረብ ያለ ይሻለኛል አሉ። እውነታቸውን ነው። ቡሬ ላይ ቢቀመጡ እግራቸው መሬት ይደርሳል፤ ስትደክምባቸው እያገዟት መራመድ ነው። እንዲህ የሚያግዝ ጋላቢ የትኛዋ ፈረስ አግኝታ ታውቃለች?

«የዚያ የረጅሙ ፈረስ ጀርባ ግን… አንተ እንኳ ብታየው ይሻል ነበር። ኮርቻው ከዱባይ የመጣ ነው፣ ከመኪና የሚያወርደው ሁለት ሰው ነው። ከኮርቻው ላይ እሳቸው፣ ከእሳቸው ላይ ደግሞ ቁርስ። ቆዳው ተልጦ ዝንብ ሰፈረበት። እሳቸው ምን አሉ? ‹ሰነፍ ነው› አሉና መለሱት። ሌላ ሰው ቢሆን ይሳደብ ነበር። እሳቸው ግን ትዕግሥተኛ ናቸው፤ ሌላ ጀርባ እስኪገኝ ጠበቁ።»

እዚህ ላይ ድምጿ ተሰበረ፤ ማሩ ለአፍታ ጠፋ። እጇን ዘርግታ የቡሬን ጀርባ፣ ኮርቻ የሚያርፍበትን ቦታ፣ በቀስታ ዳበሰች። ጃለታ የተላጠውን ጀርባ በዓይነ ሕሊናው አየ። ቡሬን ከውርንጭላነቷ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። ሐሙስ እጁን የዘረጋበትን ደቂቃ እየረገመ ሦስት ሌሊት በቅጡ አልተኛም። ቢሆንም ቃሉን ካጠፈ አባቱን ሰፈር ፊት ማዋረዱ ነው፤ ጥርሱን ነክሶ የቀጣዩን እግር ሰኮና አነሳ።

ፈዲላ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ማሩም ተመለሰ።

«የሰው ነገር ግን አይገርምህም? አንዳንዱ ሲፈጠር ተሸካሚ ሆኖ ይፈጠራል፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ተሸካሚ ይፈጠርለታል። እኚህ የምልህ ሰው ከደሴ ሲመጡ የወንድማቸው ቤት ምድር ቤቱ ላይ ‹ለጊዜው› ብለው አረፉ። ያኔ የቤቱ ትልቋ ልጅ ጥርሷ አልበቀለም ነበር፤ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰች። ጊዜው ግን ገና ነው። ደስ አይልም? እንግዳ እኮ በረከት ነው። መኪና አልገዙም፤ ምን ያደርግላቸዋል? ወንድማቸው ይነዳላቸዋል። ነገር ቢበላሽባቸው ወንድማቸው ይቅርታ ይጠይቅላቸዋል። ጥፋቱን የሠሩት እሳቸው፣ የሚያፍረው ወንድማቸው… ሥራ እንዲህ ተከፋፍሎ ሲሠራ የትኛው ቤት አይቀናም?

«ወንድምየው ብቻ ወገቡን ያመዋል፣ ምስኪን። ሐኪሙ ዲስክ ነው፣ ከባድ ነገር አታንሳ አለው። ሐኪም ምን ያውቃል? ያ ሰውዬ እኮ ቢሮ ነው የሚውለው። ከብዕር የከበደ ነገር ሲያነሳ አይቼው አላውቅም። ታዲያ ወገቡ ምን ተሸክሞ ነው እንዲህ የጎበጠው? እስቲ አንተ ስለ ጀርባ ታውቃለህ፣ ንገረኝ።»

ሃይደር እጁን ከወገቡ ላይ አነሳና የሚያደርግበት አጥቶ ኪሱ ከተተው። ሚስቱን አየ፣ ወንድሙን አየ፣ ከዚያ ጫማውን እያየ ቀረ። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም። ሕመሙን በትክክለኛ ስሙ የሚጠራለት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘ ሰው ፊት ነበር።

በዚህ መሃል ሁለት ነገር ሆነ። ከቦሌ የመጡ ወጣት ጋላቢዎች በሚኒባስ ደርሰው እየተሳሳቁ፣ ስልካቸውን እያወጡ ግቢውን ሞሉት። አባባ መገርሳም ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በአንድ እጃቸው ለምለም ሣር፣ በሌላው የቡሬን ገመድ ይዘው ከቤት ወጡ። ሰውየውን ሲያዩ ፈገግ ብለው ገመዱን በሁለት እጃቸው ዘረጉ። ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ። ፊቱ ደም መስሎ ነበር፣ ግን ወደ ገመዱ ተራመደ፤ እልህ ይዞታል። ጃለታ የቡሬን ጋማ ጨብጦ ቆመ።

ፈዲላ ድምጿን ከፍም ዝቅም አላደረገችም።

«ጃለታዬ፣ ሄደህ ሚዛኑን አምጣው እንጂ። እነዚህ ልጆች መጠበቅ የለባቸውም። ያንተን ግቢ የምወደው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ትልቅ ትንሽ አትልም፤ ኮርቻ ላይ የሚወጣ ሁሉ ከነኮርቻው ሚዛን ላይ ይቆማል። ባለቤትም ቢሆን፣ ገመዱን የሚቀበል ገዢም ቢሆን። ቁጥሩንም ጮክ ብለህ ነው የምትጠራው… የእኔ ጊዜ እስከ ኮንዶሚኒየሙ ተሰምቶ ነበር። ዛሬ ደግሞ ማሻአላህ ሰው ሞልቷል፣ ስልክም ሞልቷል። የማከብራቸው ሰው እዚህ ቢኖሩ ኖሮ ፎቶ እንደሚወዱ አውቃለሁ። አንዱ ልጅ ቪዲዮ ያነሳላቸው ነበር፣ ከነቁጥሩ።»

የሰውየው እጅ ገመዱ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። በሩ አጠገብ የተቀመጠውን የገብስ ሚዛን አየ፣ ስልክ የያዙትን ልጆች አየ። እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ። ለአባባ መገርሳ ስለ ጉልበቱ አንድ ነገር አጉተመተመላቸውና ራሱን ነቀነቀ፤ ግዢውን ትቶታል። ዞሮ ወደ መኪናው ሄደ። ሃይደር ከልማድ የተነሳ በሩን ከፈተለት። ሰውየው ግን ወንድሙን ሳያይ አልፎ ቁልቁለቱን ወደ አስፋልቱ በእግሩ ተያያዘው። ሃይደር ቁልፉን አወጣ፣ ሊከተለው አንድ እግሩን አነሳ… ከዚያ የመኪናውን በር ቀስ ብሎ ዘጋና ቆመ።

አባባ መገርሳ ገመዱን እንደያዙ ግራ ገብቷቸው ነበር። ጃለታ ወደ ፈዲላ በአገጩ ጠቆማቸው፤ ሽማግሌው ገመዱን እሷ መዳፍ ላይ አኖሩት፣ ሣሩንም ደረቡበት። ጃለታ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ሳበ። ፈዲላ ገመዱን እንደያዘች ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ መለሰች፤ ሰውየው ገና ድምፅ ከሚሰማበት አልራቀም ነበር።

«አሚን በል ጃለታዬ፣ አባባም አሚን ይበሉ። አላህ ለእኚያ ሰው ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር ይስጣቸው። የፈረስም የወንድምም ጀርባ ሳያስፈልጋቸው እስከ መጨረሻው በገዛ እግራቸው ያኑራቸው።»