በር ሆኖ የዋለ አናጢ

አናጢው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እርሳስ ከጆሮው ላይ ስለማይጠፋ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ባለእርሳሱ ይለዋል። እሑድ ግን እርሳሱን ያወርዳል። ያን ቀን ጆሮው ባዶ ሆኖ ሲያዩት ሰዎች ይደናገራሉ፤ አንዳንዱማ ወንድሙ መስሎት «ባለእርሳሱ ደህና ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቀዋል።

ሰንበትን እንደ እሱ የሚጠብቅ አልነበረም። ቅዳሜ ጀምበር ስታዘቀዝቅ መሣሪያውን በሸራ ይጠቀልልና በገመድ ሰባት ቋጠሮ ይቋጥርበታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እስኪመሽ ይቀመጣል። ዳቦ እንኳ አይቆርስም፤ የምትቆርስለት ሚስቱ ናት። ሚስቱ በየትኛው ቀን እንደምታርፍ ግን አስቦት አያውቅም።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ከጸሎት ሲመለስ፣ ግቢው በር ላይ ከወንድሙ ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። ልጅቷ ነርስ ናት፤ ሆስፒታል አድራ ነጭ ጫማዋን እንዳደረገች መምጣቷ ነበር። እሱ እንደ ልማዱ በሰንበት መሥራቷን ወቀሳት፤ እሷም እንደ ልማዷ ማክሰኞ እንደምታርፍ ነገረችው። ሁለቱም ክርክሩን በቃላቸው ስለሚያውቁት ሳይቀያየሙ ሊለያዩ ሲሉ፣ ከጎረቤት ቤት ውስጥ በር ሲደበደብ ሰሙ።

የምትደበድበው፣ ይቅርታ፣ የሚደበድቡት ክር ሻጯ እትዬ ናቸው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት። አዲሱን በራቸውን ትናንት የገጠመላቸው ባለእርሳሱ ነበር። ጀምበሯ ስትጣደፍ እሱም ተጣደፈና የሳንቃውን ጠርዝ በመላጊያ ሳይልግ፣ እጀታውንም ሳያበጅለት፣ «የቀረውን ሰኞ» ብሎ መሣሪያውን ቋጠረ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ሳንቃው ውኃ ጠጥቶ አበጠና ከመቃኑ ጋር አንድ አካል ሆነ። እትዬ ከውስጥ ቢገፉት፣ ነርሷ ከውጭ በጥፍሯ ብትስበው ወይ ፍንክች። መስኮቱ ብረት አለበት። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም።

ነገሩ በሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ እትዬ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ሰኞን ይጠብቁ ነበር። ግን እህታቸው ሆስፒታል ተኝተዋል፤ በማግስቱ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል። በሽተኛ የሚጠየቀው ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ ነው፤ አሁን አምስት ሰዓት ሆኗል። ነርሷ ያደረችው እህትየው ካሉበት ክፍል ስለነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ «እህቴ መጣች?» እያሉ ሲጠይቋት እንዳደሩ ለአጎቷ በሹክሹክታ ነገረችው።

«ካቻቢቴዎን ያምጡ፣ ጋሼ» አለችው። «ማጠፊያው በውጭ በኩል ነው። ብሎኑን ፈትቶ በሩን ማውረድ ለእርስዎ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።»

«ራስሽ አልሽው። ሥራ ነው።»

«እኔስ?» አሉ እትዬ ከውስጥ። «አንተ እዚያ ስትጸድቅ እኔ እዚህ ልታሰር?»

ባለእርሳሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ላቡ እስኪመጣ ተጨነቀ። ከዚያ ለማንም የማያወራውን አወራ። «አባቴ ሰባቱንም ቀን ይሠራ ነበር። በአንድ እሑድ ሥራው ላይ እንዳለ ሞተ። መጋዙን ከእጁ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። መቃብሩ ላይ ቆሜ በሰንበት መሣሪያ አልነካም ብያለሁ።»

የሞተው ሰው የነርሷም አያት ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ሰውን በቀስታ ማናገር ተምራ ስለነበር እንዲህ አለችው፦

«አያቴን የገደለው እረፍት ማጣት ነው፤ ደግነት አይደለም። ሰንበት የተሰጠን ከገበያና ከሩጫ እንድናርፍ ነው። የተቸገረ ሰው ሲጠራን ግን ‹ዛሬ ዝግ ነን› እንድንል አይደለም። ጌታችን እጁ የሰለለውን ሰው የፈወሰው በሰንበት አልነበረም? ጌታችን ደግሞ በሙያው ከእርስዎ ወገን ነው፤ አናጢ።»

ይህ የመጨረሻው ነገር ባለእርሳሱን ወጋው። ነገር ሲጠብበት እንደሚያደርገው ተረት ጀመረ። ድሮ አንድ አናጢ እሑድ ቀን መጋዙን ቢያነሳ መጋዙ አልቆምም አለው። አናጢውን ጥሎ ጠረጴዛውን ቆረጠ፤ ግድግዳውን ቆርጦ ወጣ፤ ሦስት ዋርካ ገንድሶ፣ አንድ ድልድይ ለሁለት ከፍሎ፣ ሳምንት ሙሉ ሲሄድ ሰንብቶ አንዲት መበለት ቤት ሊገባ ሲል አንድ ጎበዝ ዘሎ እጀታውን ያዘው። «ያ ባይኖር ሴትዮዋ ከነአልጋዋ ለሁለት ተከፍላ ነበር» ብሎ ጨረሰ።

ነርሷ አልሳቀችም። «ከእሑድ ተነሥቶ ሳምንት ሙሉ ከሄደ፣ ጎበዙ የያዘው በምን ቀን ነው?» ብላ ጠየቀችው።

ባለእርሳሱ በጣቱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። «እሑድ» አለ በቀስታ።

«ያ ሰው መሣሪያ ነክቷል። ኃጢአተኛ ነው?»

«ምን ነካሽ፣ ሰው እኮ ነው ያዳነው።»

ከበሩ ጀርባ እትዬ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ያኛው መጋዝ የማን እንደነበር አላውቅም፤ ይኼ በር ግን ያንተ ነው። ትናንት ሰንበትህን ላክብር ብለህ ተጣድፈህ፣ የእኔን ሰንበት ቆለፍክብኝ። የእኔን ይዘህ አንተ እንዴት ታርፋለህ?»

ሰው በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ተቀምጦ «አርፌያለሁ» ቢል፣ የተሸከመው ሰው ምን ይበል? ባለእርሳሱ ይህን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበ። ቤቱ ሄዶ የመሣሪያውን ጥቅልል አመጣ።

በሩን ለማውረድ አሥር ደቂቃ በቃው። ሰባቱን ቋጠሮ ለመፍታት ግን ሩብ ሰዓት ፈጀበት፤ እትዬም ከውስጥ «ስንተኛው ላይ ነህ?» እያሉ ያስቆጥሩት ነበር። ብሎኖቹ ወጡ፤ በመሮው ጠርዙን ፈልቀቅ ሲያደርገው ሳንቃው ወደ ውጭ ተገነደሰ። እትዬ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ለእህታቸው የያዙትን ንጹሕ ልብስ አቅፈው ወጡ።

እጁ ሞቅ ሲለው ባለእርሳሱ መላጊያውንም ሊያነሳ ቃጣው። ነርሷ ያዘችው። «እትዬን ማውጣት አይቆይም፤ መላጉ ግን ይቆያል፣ ጋሼ። ልዩነቱ ይኸው ነው።»

«ቤቴስ ያለ በር?» አሉ እትዬ።

ባለእርሳሱ ወንበሩን አምጥቶ ከመቃኑ መካከል ቁጭ አለ። «ሂዱ» አላቸው። «በሩ እኔ ነኝ።»

ሁለቱ ሴቶች ወደ ሆስፒታል ሄዱ። እሱ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ዋለ። በሃያ ዓመት ውስጥ በእሑድ ከግድግዳ ሌላ ነገር ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ከጸሎት የሚመለሰው ሰው ሁሉ እየቆመ ምን እንደሚሠራ ጠየቀው፤ እሱም «በር ነኝ» እያለ መለሰ። አንዱ በርጩማ ይዞ መጣ፤ ሁለት ዓመት ያኮረፈው ባለሱቅም ሳቁ አሸንፎት አጠገቡ ተቀመጠ። ሚስቱ ዳቦ ስታመጣለት ወንበሩን ለቀቀላትና ቢላውን ተቀብሎ ቆርሶ አጎረሳት። እሷም አሞት ይሆን ብላ ግንባሩን ዳበሰችው። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው፤ ማንኮራፋቱን የሰማ ሌባ ቢኖር ኖሮ ቤቱ ውስጥ አንበሳ አለ ብሎ ይሸሽ ነበር።

እትዬ ስድስት ሰዓት ሳያልፍ ደርሰው ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ የእህታቸውን እጅ ይዘው የበሩን ታሪክ ሲነግሯቸው፣ እህትየው ከሳቃቸው ብዛት በሽተኞቹን ሁሉ ቀሰቀሱ። ሰኞ ጠዋት፣ ባለእርሳሱ ሳንቃውን በሚልግበት ሰዓት፣ ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ። ከወር በኋላ እህትየው ራሳቸው መጥተው ያንን በር በትንሿ ጣታቸው ከፈቱት።

ከዚያ ወዲህ ባለእርሳሱ ቅዳሜ ሥራውን የሚያቆመው ቀትር ላይ ነው፤ ጥድፊያው ቀረ፤ የገጠመውን በር ሁሉ ከውስጥ ሆኖ ሳይሞክር አይሄድም። እሑድ ከጸሎት በኋላ የታመመ ይጠይቃል፤ ሚስቱ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ መሣሪያው የሚታሰረው በአንዲት ቋጠሮ ነው፣ ሲስቧት በምትፈታ። በተረቱ ውስጥ መጋዙን የያዘው ጎበዝ ማን እንደነበረም ከእንግዲህ አይደብቅም። «እኔ ነኝ» ይላል።