ውቢት ያጠበቻቸው ብሮች

ጸሐዬን እዚህ አሸዋ ውስጥ ያስቀረችው ውቢት ናት። የእኅቱ ልጅ ውቢት። ያቻትና፥ ከአጥሩ ሥር ነጠላዋን አዘቅዝቃ የቆመችው። ይህን ከፊቷ እናገራለሁ፤ ከኋላዋ ሳወራው ኖሬያለሁና።

የተከበሩ አባታችን፥ የማኅበራችን ሽማግሌዎች፥ የምድር ባቡር ሰዎች፥ የገበያ እናቶች፥ ሱቃችሁን ዘግታችሁ ከእኛ ጋር በፀሐይ የተመታችሁ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን፥ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈል። ሐሩሩ ከባድ ነውና አላስረዝምም። «አላስረዝምም» ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ።

ለማታውቁኝ፥ ወለተማርያም እባላለሁ። ከገበያው ፊት ለፊት፥ ከዓብዱሰመድ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆሎ እሸጣለሁ። ከጎኔ የጸሐዬ ጠረጴዛ ነበረ። እሱ ብር ይመነዝራል፤ እኔ ቆሎ እሰፍራለሁ። ከባቡር የወረደ መንገደኛ ብሩን እሱ ዘንድ በፍራንክ ይለውጥና ከኔ ቆሎ ይገዛል። እንዲህ ስንል አብረን አረጀን። ሚስቱ አልነበርኩም፤ ኩርፊያችን ግን የባልና የሚስት ነበር።

ጸሐዬ ማን ነበር? ከትናንት ጀምሮ «ደጉ ጸሐዬ» እያላችሁ ስታለቅሱ ሰማሁ። ደግ? ምርቃት ካልጨመርኩለት የገዛውን ቆሎ መልሶ ቁናዬ ላይ የሚደፋ ሰው ደግ ይባላል? አንድ ኮት ለብሶ ስንቱን በጋ ያሳለፈ ሰው? ስስታም ነበር። ለራሱም ስስታም ነበር። እውነትን ግን ለማንም አይሰስትም። እኔ ዛሬ የማለቅሰው ለዚያ ነው።

በእጁ ከሚያልፈው ገንዘብ ውስጥ ብርቅ የሆነውን ይለያል። በራሱ ብር ይተካውና ያስቀረዋል። የሳሙና ሣጥን ነበረችው፤ ውስጧን በቀይ ጨርቅ አልብሷት ነበር። ሌላው ሰው ወርቅ ሲያይ ዐይኑ እንደሚበራ፥ የእሱ ዐይን የሚበራው የተሳሳተ ወይም የጠፋ የመሰለ ብር ሲያይ ነው። ያሸተዋል። በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማል። ጠርዙን በጥፍሩ ይዳስሳል። እኔ «ይኸው ደግሞ ከሙሽራው ጋር ገጠመ» እለው ነበር።

አንድ ቀን የባቡር ሠራተኛ አንድ ማርትሬዛ፥ ያቺን የፈረንጅ ንግሥት መልክ ያለባትን ብር፥ በመሐረብ ጠቅልሎ መጣ። እዚህ መካከላችሁ ይኖራል፤ ስሙን አልጠራም።

«አቶ ጸሐዬ፥ ይቺ ከቅድመ አያቴ የመጣች ናት፤ አያቴ ብርቅ ናት ብላ ሰጠችኝ። ፈረንጅ አንብቦልኝ መቶ ሃምሳ ዓመቷ ነው አለኝ። ስንት ታወጣለች?»

«አንድ ብር።»

«እንዴት አንድ ብር! መቶ ሃምሳ ዓመት እያልኩህ!»

«ወንድሜ፥ ይቺ ሴትዮ አታረጅም። ዛሬ ብትመታም የሚጻፍባት ያው የጥንቱ ዓመት ነው። እንደ ወደቡ አሸዋ ብዙ ናት። ብርቅ የሚባለው ያረጀው አይደለም፤ ጥቂት ተሠርቶ ከዚያም ብዙው የቀለጠው ነው።»

ሰውየው ፊቱ ጠቆረ። «ታዲያ አያቴ ዋሽታኛለች?»

«አልዋሸችህም። ለአንተ ውድ ናት፤ ለገበያ አንድ ብር ናት። ስለዚህ ገበያ አታምጣት። ለልጅህ አስቀምጥለት።»

እንዲህ ነበር። አንድም ገዢ ሳያሞኝ፥ አንድም ሻጭ ሳያታልል፥ ሁሉንም አስቀይሞ ይውላል።

እኔንስ? ገበያ ሲበተን የሽያጬን ሳንቲሞች በጠረጴዛው ላይ እዘረጋለታለሁ፤ አይቶ ይመልስልኛል። አንድ ቀን አንዲቷን ብር አንሥቶ ወደ ብርሃኑ አዞራት።

«ወለተማርያም፥ ይህን ማን ሰጠሽ?»

«ምን አጠፋሁ? ሐሰተኛ ነው?»

«የአንበሳውን እግር እዪ።»

«እግሩ ምን ሆነ? ያነክሳል?»

ሳቀ። ጸሐዬ ሲስቅ ያያችሁ ስንት ናችሁ? «በየቀኑ በምናየው ብር ላይ አንበሳው ያነሣው ቀኝ እግሩን ነው» አለኝ። «የዚህ ግራው ነው። ግራው ከዚህ ዓመት ጋር ተጽፎ እኔ እስከ ዛሬ ሁለተኛ አላየሁም። ሠላሳ ብር ያወጣል። እኔ አሁን በእጄ የለኝም። ወይ ጠብቂኝ፥ ወይ ሌላ ፈልጊ።»

ፍርዱን ለእናንተ ልተው። በሌላ ብር ቢለውጥብኝ ማን ያውቅ ነበር? እኔ አውቅ ነበር? አንበሳው ይናገር ነበር? ጠበቅሁት፤ በጥቂት በጥቂቱ ሠላሳውን ሞላልኝ። ዝናብ የማያውቀው ይህ አገር አንድ ቀን ሲዘንብ ሁላችሁም ስትረጥቡ እኔ ደረቅ ነኝ። የቤቴ ቆርቆሮ ያ አንበሳ ነው።

አሁን ወደ ውቢት ልመለስ። አልረሳኋትም።

ጸሐዬ ያን ሁሉ ብር ያጠራቀመው ሊያየው ብቻ አልነበረም። አገሩ ቡልጋ መግባት ይፈልግ ነበር። «ሽማግሌ ባዶ እጁን ሲገባ እንግዳ ነው፤ በሬ ነድቶ ሲገባ ወንድም ነው» ይል ነበር። ጥንድ በሬ፥ አንድ ቤት፥ ከእናቱ መቃብር አጠገብ አንድ ቦታ። ሣጥኗ ማለት ይህች ነበረች። ዓብዱሰመድም ከመርከብ የሚወርድ፥ ብርቅ ገንዘብ የሚሰበስብ ፈረንሳዊ አገኘለት። ቀን ተቆረጠ።

ውቢት በፈረንሳዮች ቤት አዳሪ ሠራተኛ ናት። ማዳሟ በየሳምንቱ የብር ማንኪያና ሹካ በነጭ ዱቄት ታስወለውላታለች። ማንኪያ ጠቁሮ ከተገኘ ቁጣ ነው። የዕረፍት ቀኗ ደርሶ አጎቷ ቤት መጣች። እሱ የለም። ሣጥኗን ከፈተች። ምን አየች? ጥቁር ብር፥ ግማሽ ብሩ አላድ ጥቁር፥ ትንሿ መሐለቅም ጥቁር። «አጎቴ ይህን እድፍ ይዞ ፈረንጅ ፊት ሊቀርብ ነው?» አለች። ዱቄቷን አወጣች። ዱቄቱ አልበቃ ሲል ሎሚና አመድ ጨመረች። ፊቱንም ጀርባውንም፥ አንድ ሳታስቀር፥ አሸችው። ስትጨርስ በቀዩ ጨርቅ ላይ ደርድራ ሄደች።

የብር ጥቁረት ለሰብሳቢ እድፍ አይደለም። ቆዳው ነው። ዘመን አልብሶታል፤ ከተፋቀ አይመለስም። ይህን ጸሐዬ ያውቃል፥ ገዢው ያውቃል። የማታውቀው ውቢት ብቻ ነበረች።

በማግሥቱ ገዢው በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ጸሐዬ ሣጥኗን ከፈተ። ዘጋት። እንደገና ከፈታት። ፊቱን አየሁ፤ አሁንም አየዋለሁ። ፈረንሳዊው መነጽሩን በአንድ ዐይኑ ላይ አድርጎ አንዱን አነሣ፥ አስቀመጠ። ሌላውን አነሣ፥ አስቀመጠ።

«ምን ይላል?» አለ ጸሐዬ።

ዓብዱሰመድ አንገቱን ደፋ። «‘እንደ ሕፃን ያጠባቸው ማን ነው?’ ይላል።»

«ስንት ይላል?»

«ሚዛን አምጣ ይላል።»

ሚዛን! ያ ሁሉ የዐይን ልፋት በሚዛን! ያውም የብር ዋጋ በወደቀበት ዓመት። ከዚያ ግን ፈረንሳዊው የመጨረሻውን አነሣ፤ የኔን አንበሳ፥ ግራ እግሩን ያነሣውን። ውቢት ደክሟት ነበር መሰለኝ፥ እሱን እንደ ሌሎቹ አልፋቀችውም። የሰውየው ፊት በራ። ዋጋ ጠራ። ዓብዱሰመድ በዐይኑ ጠቀሰኝ። እኔም በልቤ «በሬዎቹ መጡ!» አልኩ።

ጸሐዬ ምን አለ? «ዓብዱሰመድ፥ ንገረው። ይህም ታጥቧል። ከጭራው ሥር ይመልከት።»

በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። «አንተ ሰውዬ! ማን ጠየቀህ?»

«ማንም አልጠየቀኝም። ለዚህ ነው የምነግረው።»

«ወላሂ፥ ጸሐዬ፥ አንተ ነጋዴ አይደለህም!» አለ ዓብዱሰመድ። ፈረንሳዊው ከጭራው ሥር አየ። አስቀመጠው። ባርኔጣውን አንሥቶ ተሰናበተና ወደ መርከቡ ሄደ። ቡልጋም አብሮት ሄደ።

ውቢት በሰማች ጊዜ ከባሕር ዳር የለቀመችውን ድንጋይ በአንገቷ ተሸክማ ከእግሩ ሥር ወደቀች። እኔ «ጅራፍ ነው የሚገባት» አልኩ። አዎን፥ ብያለሁ። እሱ ግን ጠየቃት።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማዳም።»

«ጎበዝ ናት። አንድም አላመለጠሽም። ያን ድንጋይ አውርጂ፥ አንገትሽን ይጎዳሻል።»

ከሄደች በኋላ ጮኽኩበት። «ሰው እንዴት በሬዎቹ ሲታረዱ ዝም ይላል?» አልኩት። «ወለተማርያም፥ የሚጠላኝ ቢሆን ይሰርቀው ነበር» አለኝ። «እሷ የማፍር መስሏት ነው ያጠበችው። አሁን በምን አፌ ልቆጣት?»

እናንተ የምታውቁት ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። የቀረውን የማውቀው እኔ ነኝ።

አባቴ ወንድሞቼን የኔታ ዘንድ ሲሰድ፥ «ለሴት ወንፊት ይበቃታል» ብሎ እኔን አስቀረኝ። ያን ቃል እስካሁን አልዋጥኩትም። ጸጉሬ እስኪሸብት ፊደል ለኔ የዝንብ እግር ነበር። ገበያው ጭር ባለበት አንድ ቀን ጸሐዬ ከታጠቡት ብሮች አንዱን ወደኔ ገፋ አደረገው።

«ዐይንሽ ይህን ያያል?»

ቀድሞ ጥቁር ሆኖ ምንም የማይታየው ብር ነጭ ሆኗል፤ ዙሪያውን ፊደሎቹ አንድ በአንድ ቆመዋል።

«አያለሁ። ግን ምን ያደርግልኛል?»

«ከእንግዲህ አይሸጡም። እንግዲያው ይነበቡ።»

ልጆች በ«ሀ» ይጀምራሉ። እኔ የጀመርኩት በ«ዳ» ነው፤ የብሩ ጽሑፍ የሚጀምረው «ዳግማዊ» ብሎ ነበርና። በጠረጴዛው ላይ በገብስ ቆሎ «ዳ»ን እሠራለሁ። ልክ ከሆነ ይበላዋል። ከተሳሳትኩ አይበላውም። «ዛሬ ጾም አዋልሽኝ» ይለኝ ነበር። ስስታም አላልኳችሁም? ያስተማረኝን ሁሉ በቆሎ አስከፈለኝ። ከዳር ወደ መሐል፥ ከብር ወደ አላድ፥ ከአላድ ወደ መሐለቅ፥ ፊደሉ እያነሰ ሲሄድ ዐይኔ እየጠነከረ ሄደ። ከዚያ አሰፋሽ መጣች፤ ከዚያ ሌሎች የገበያ ሴቶች። ዛሬ አላዱ አሰፋሽ ዘንድ ነው፤ ሩቡ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም፤ የሆነች ሴት እያነበበችው ነው።

አሁን ዳዊት ደጋሚ ነኝ። በገዛ ዐይኔ። ይህን የያዝኩትን ወረቀትም ማንም አልጻፈልኝም።

ውቢት፥ ቀና በይ። ቀና በይና ስሚኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አልልም፤ ልቤ እንደዚያ አልተሠራም። አመሰግንሻለሁ ግን እላለሁ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አንቺ ባታጥቢያቸው ጸሐዬ ቡልጋ በገባ፥ እኔም ደንቆሮ ሆኜ በቀረሁ። እሱ ያጣውን እኔ በላሁት። ከዚህ የበለጠ የሚያስቆጣ፥ ከዚህ የበለጠ የሚያስመሰግን ነገር ምን አለ?

በሕመሙ ጊዜ፥ ንዳዱ ጋብ ሲልለት፥ «ቡልጋ ይናፍቅሃል?» አልኩት።

«ይናፍቀኛል» አለ። «ግን ከዚያ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራልኝ ስለማላውቀው ሰው ነው። እዚህ የማላውቀው ሰው የለም።»

ዛሬ ጠዋት አስለቃሾቹ «በሰው አገር ቀረ» እያሉ ሙሾ ሲያወጡለት ተቆጣሁ። የማን አገር? ይህን ከአሸዋው በታች ድንጋይ የሆነ ምድር ከንጋት ጀምሮ የቆፈረው ማን ነው? ዓብዱሰመድ አይደለም እንዴ፥ እጁ እስኪደማ? ሰው የሚያውቁት ቆፍረው ከቀበሩት፥ የሚያውቁት ካለቀሱለት፥ ያ ምን ተብሎ ነው የሰው አገር የሚባለው?

ጸሐዬ፥ ወንድሜ፥ ስለ ቆርቆሮው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ «ዳ» እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማንም ሳይጠይቅህ ስለነገርከን እውነት ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነፍስህን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፋት። ሂድ፥ በሰላም ሂድ።

እኔም ይህን በቆማችሁበት እናገራለሁ፤ ምስክር ሁኑኝ። በየዓመቱ ጓዜን ጠቅልዬ፥ ባቡሩ ባፏጨ ቁጥር ብድግ እያልኩ የምለው፥ ሲያስቃችሁ የኖረ አንድ ቃል አለኝ። ከጎኑ ቦታ እንዲተውልኝ ሽማግሌዎቹን ለምኛለሁ። ከእንግዲህ «ለፋሲካ አገሬ እገባለሁ» አልልም።